መልስ፦ «እየተዋጉ ደብዳቤ መጻጻፍ ምን ይባላል? ፍርሃት አይደለም ወይ?»

አይደለም ወንድሜ። ለፈተናህ አጼ ዮሐንስ አራተኛን ምሳሌ አድርግ። ንጉሡ ለመሐዲስቶች፣ ማለትም ለሱዳኑ መሐዲ ተከታዮች፣ ደብዳቤ የጻፉት ሁለት ግንባር ላይ ላለመዋጋት ነው። በምዕራብ መሐዲስቶች፣ በሰሜን ጣሊያን ነበሩ።

እዚሁ ጎንደርን አስባት። መሐዲስቶች በ1880 ዓ.ም. ገብተው ከተማዋን አቃጠሉ፣ ስንቱ ቤተ ክርስቲያን ነደደ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ፤ ሽማግሌዎቻችን ንብ ተነሥቶ አባረራቸው ይላሉ። ንጉሡ ግን ያ ሁሉ ቁስል ሳይሽር፣ በ1881፣ ለመሐዲስቶቹ የጦር አዛዥ ለሐምዳን አቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ላኩ። አውሮፓውያን የሁለታችንም ጠላት ናቸው፣ እንስማማ ነው ነገሩ። ይህን እኔ ትልቅ ድፍረት ነው የምለው።

አቡ አንጃ በስድብ መለሰ። ለምን? እዚህ ላይ በደንብ ጻፍ። ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብጽ ጋር በተፈራረሙት በ1876ቱ የሂወት ውል፣ በመሐዲስቶች የተከበበው የግብጽ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ለመርዳት ተስማምተው ነበር። ከአንዱ ጋር የፈረሙት ውል ከሌላው ጋር አቃቃራቸው። በውሉ ለኢትዮጵያ ንግድ ክፍት ትሆናለች የተባለችውን የምጽዋን ወደብም ቢሆን በዓመቱ ጣሊያን ያዛት። ከሰላም ደብዳቤው ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ መጋቢት 1881፣ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ፣ ንጉሡ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የዘመን አቆጣጠር። እኔ ተማሪ ሳለሁ ደብዳቤውን በፈረንጅ 1888፣ ጦርነቱን በእኛ 1881 ብዬ ጻፍኩ። ንጉሡ ከሞቱ ከሰባት ዓመት በኋላ ደብዳቤ የላኩ መሰለ፤ መልሱ በሙሉ ተሰረዘብኝ። አንዱን ምረጥና እስከ መጨረሻው በእሱ ጻፍ።