ከዜሮ በታች ሆኖ እንዴት ይበርዳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄን ጂኦግራፊ ሳስጠናው ሁለታችንም ተያዝን። በካስፒያን ባሕር ዳር ያለው ቆላ ከባሕር ጠለል በታች ነው ይላል። ታዲያ ባሕሩ ለምን አይውጠውም? ደግሞ በጥር ውሃው በረዶ ይሆናል ይላል። እኛ 1,200 ሜትር ላይ ሆነን እየተጠበስን፣ እነሱ እታች ሆነው እንዴት ይበርዳቸዋል?
የልጅ እናት፣ ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያው ይቀላል። የባሕር ጠለል ሲባል የውቅያኖሱ ነው። ካስፒያን ከውቅያኖስ ጋር አይገናኝም፤ የራሱም ውሃ ከውቅያኖሱ 28 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው የተኛው። ስለዚህ ዳርቻው ላይ የቆመ ሰው ከዜሮ በታች ቢሆንም እግሩ አይርስም። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሰሜኑ ክፍል አማካይ ጥልቀቱ 5 ሜትር ገደማ ነው፣ ትሪ በይው። የብሱም ዝርግ ስለሆነ ነፋስ ሲገፋው ውሃው ብዙ ኪሎ ሜትር ይገባል። ደቡቡ ሌላ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል።

ወደ ብርዱ ስንመጣ፣ እኛ ቆላ ሲባል ሙቀት፣ ደጋ ሲባል ብርድ ነው የሚታየን። እዚህ ልክ ነው። ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አትለዋወጥብንም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ከፍታ ነው። ሐረር ስትወጪ ጃኬት የምትደርቢው ለዚህ ነው። የካዛክስታኗ አቲራው ግን ወደ ሰሜን 47 ዲግሪ ላይ ናት። በጥር ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ትውልና ቶሎ ትጠልቃለች፤ የሳይቤሪያን ብርድ የሚያግድ ተራራም የለም። በሐምሌ ደግሞ ያቺው ከተማ እንደኛው ትጠበሳለች።

አልጠየቅሽኝም እንጂ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ውሃ አጠገቡ ይዞ መሬቱ ለምን ደረቀ? አቲራው በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንኳ አታገኝም። ድሬ ሦስት እጥፍ ገደማ ትበልጣታለች፣ ታምኛለሽ? እርጥብ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ካልቀዘቀዘ አይዘንብም፤ እዚያ ደግሞ የሚያወጣው ዳገት የለም። በዚያው ባሕር ደቡብ ምዕራብ፣ ኢራን ውስጥ አንዛሊ ላይ፣ የአልቦርዝ ተራሮች ስላሉ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። አካባቢው የሩዝና የሻይ አገር ነው። ልጅሽ ካልገባው ወደ ደንገጎ ተራራ አሳይው። ደመናው ዳገቱ ላይ ይራገፍና እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ይመጣል።

ካስፒያን መውጫ የለውም። ከሚገባለት ውሃ 80 በመቶ ያህሉን የቮልጋ ወንዝ ያመጣል፣ ፀሐይ ታተናለች። ሂሳቡ ሲዛባ ባሕሩ ይሸሻል ወይ ይመለሳል። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1980 ወደዚያ ገብቶ የሚተነውን ውሃ እንቆጥባለን ብለው በምሥራቅ ያለውን የካራ ቦጋዝ ጎል ሰላጤ በግድብ ዘጉት። ሰላጤው በጥቂት ዓመት ደርቆ ጨዉ በነፋስ ይበን ጀመር። ባሕሩ እኮ ግድቡ ከመሠራቱ በፊት በራሱ ጊዜ መሙላት ጀምሮ ነበር! እ.ኤ.አ. በ1992 ግድቡ ፈረሰ። ካስፒያን ግን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ እንደገና እየጎደለ ነው።

ለልጅሽ አንድ ነገር ልጨምር፤ አስተማሪው ሊጠይቅ ይችላል። 28 ሜትሩ የባሕሩ ነው እንጂ የአካባቢው ዝቅተኛ ቦታ አይደለም። ካዛክስታን ውስጥ አክታው ከተማ አጠገብ ካራጊዬ የሚባል ደረቅ ጎድጓዳ አለ፣ ከባሕር ጠለል በታች 132 ሜትር። ከዳሎላችን ጋር ይቀራረባል። የጅቡቲው አሳል ሐይቅ ግን ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ሁለቱንም ይበልጣል።