ፊት የማያገረጣ የካሜራ መብራት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማታ ማታ ሰዎችን እያነጋገርኩ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ክፍሉ ጨለም ካለ ምስሉ ነጠብጣብ ይበዛበታል። የስልኬን መብራት ሳበራ ደግሞ የሰው ፊት አመድ ይመስላል። ካሜራ ላይ የሚገጠመውን መብራት ልግዛ ብል አቅሜ አልፈቀደም። ራሴ ብሠራውስ? ስንት አምፖል ይበቃኛል?
ጨለማ ያስቸገራት

መልስ፦ እህቴ፣ ብዛቱን ለጊዜው ተዪው። ፊቱን አመድ ያስመሰለው የብርሃን ማነስ ሳይሆን የብርሃኑ ዓይነት ነው። ነጭ የምንለው ኤልኢዲ ብዙውን ጊዜ ከውስጥ ሰማያዊ ነው። ነጭ የሚያስመስለው ላዩ ላይ ያለው ቢጫ ቅብ ነው። ርካሹ ላይ ቀይ ብርሃን ያንሳል፤ የሰው ቆዳ ደግሞ ቀይ ሲያጣ የሞተ ይመስላል። ስለዚህ ስትገዢ ሲአርአይ የሚባለውን፣ መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካውን ቁጥር ጠይቂ። ሙሉው 100 ነው። 95 ካገኘሽ ዓይንሽን ሳታሺ ውሰጂ፤ ከ90 በታች ከሆነ እለፊው። ቁጥሩ ጭራሽ ካልተጻፈበት ያው ዝቅተኛ ነው ማለት ነው ብለሽ ቁጠሪው።

የምትገዢው በጥቅል የሚሸጠውን ባለ 12 ቮልት የኤልኢዲ ስትሪፕ ነው። በሜትር 60 አምፖል ያለው ይበቃል። ቀለሙን በኬልቪን ይጽፉታል፦ 3200 አካባቢ ሞቅ ያለ ቢጫማ፣ 5600 አካባቢ የቀን ብርሃን። አንቺ የምትቀርጪው ማታ፣ ቢጫ አምፖል በበራበት ክፍል ከሆነ ሞቅ ያለውን ምረጪ። የቀኑን ከወሰድሽ ግማሽ ፊት ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ ይሆንብሻል። ይህን ደግሞ በኤዲቲንግ አስተካክላለሁ ማለት ዘበት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። 18 በ12 ሴንቲሜትር የሆነ ቀጭን የአልሙኒየም ላሜራ ቁረጪ። ካርቶን አይሆንም፤ ኤልኢዲ ይሞቃል፣ ሙቀቱን የሚወስድለት ብረት ይፈልጋል። ስትሪፑ በየ3 አምፖሉ የመቁረጫ መስመር አለው። ከዚያ ውጪ ከቆረጥሽ ያ ክፍል አይበራም። 15 ሴንቲሜትር የሆኑ 8 ቁራጮች አውጪና ደርድረሽ ለጥፊ። ጫፋቸው ላይ ያለው መዳብ አልሙኒየሙን እንዳይነካ ሥሩ ፕላስተር አድርጊ። ካልሆነ ሾርት ያደርጋል። ከዚያ ፕላሱን ከፕላስ፣ ማይነሱን ከማይነስ ጋር በሽቦ እያገናኘሽ በሊድ ትበይጃለሽ። መበየድ ካልለመድሽ ሬዲዮ ጠጋኝ የሆነ ጎረቤት ካለ ለምኚው፤ ለእሱ የሻይ ሰዓት ሥራ ነው።

ባትሪው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ተራው ትንሹ የድንጋይ ባትሪ 1.5 ቮልት ስለሆነ 8ቱ ሲቀጠሉ 12 ይሞላሉ። ቻርጅ የሚደረገው ግን 1.2 ቮልት ነው። 8 ብታደርጊ 9.6 ብቻ ታገኛለሽ፤ መብራቱም የታመመ ይመስላል። ለሱ 10 የሚይዝ ማቀፊያ ፈልጊ። ምን ያህል እንደሚቆይ ለማወቅ ስትሪፑ ላይ በሜትር የተጻፈውን ዋት በርዝመቱ አባዝተሽ ለ12 አካፍይው። በሜትር 4.8 ዋት ከሆነ ያንቺ 1.2 ሜትር ወደ ግማሽ አምፒር ይወስዳል። 2000 ሚሊአምፒርሰዓት ባትሪ 4 ሰዓት ገደማ ያስኬድሻል ማለት ነው። ሊቲየም ባትሪ መጠቀም ካማረሽ መከላከያ ሰርኪዩት ያለውን ብቻ ግዢ። ባትሪው ላይ በቀጥታ መበየድም አይታሰብ፤ ሊፈነዳ ይችላል።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ያቆማል። እኔ ግን ዋናው ሥራ ገና ነው እላለሁ። አምፖሎቹ እንዳሉ ከተተዉ እንግዳሽ ዓይኑን ያጨማትራል፤ ከአፍንጫውም ሥር ስለት የመሰለ ጥላ ይወጣል። በላሜራው ዙሪያ 4 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው የካርቶን ግድግዳ አቁሚ። ውስጡን በነጭ ወረቀት ሸፍኚ፣ ፊቱን በመጋገሪያ ወረቀት ዝጊ። ካሜራ ከማስነሳትሽ በፊት ወረቀቱን እይው። ነጠላ ነጠላ አምፖል ከታየሽ ሁለተኛ ወረቀት ደርቢ። ብርሃኑ ይቀንሳል፣ አዎ። ይቀንስ። ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ጠባብና ኃይለኛ ከሆነው ሁሌም ይበልጣል።

አገጣጠሙን በአጭሩ፦ ካሜራው ራስ ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ አለ፤ የሚገባበትን እግር ለብቻው ይሸጡታል። እዚያ ያሉትን የኤሌክትሪክ ነጥቦች ባዶ ብረት እንዳይነካቸው በፕላስተር ሸፍኚያቸው። ብትሰሚኝ ግን ከካሜራው ሥር በትራይፖድ ብሎን የሚታሰር ክንድ አድርገሽ መብራቱን ወደ ጎንና ወደ ላይ አውጪው። ከሌንሱ ላይ በቀጥታ የሚመጣ ብርሃን ፊትን ጠፍጣፋ ያደርጋል፤ መነጽር ያደረገ ሰው ካለማ መስታወት ላይ ቁጭ ይላል።

ክፍሉን ሁሉ ያበራልኛል ብለሽ አትጠብቂ። ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ስትርቂ የሚደርሰው ብርሃን አንድ አራተኛ ይሆናል። ስለዚህ ጠጋ በይ።

ጥያቄ፦ እኔ መብራቱን ሠርቼዋለሁ። ደብዘዝ የሚያደርግ ዲመር ስጨምርበት ግን ቪዲዮው ላይ ጥቁር መስመር ይንሸራተታል። በዓይኔ አይታየኝም። ካሜራው ይሆን የተበላሸው?
መስመር የበዛበት

መልስ፦ ካሜራህ ደህና ነው። ርካሽ ዲመር ብርሃኑን የሚቀንሰው በፍጥነት እያጠፋና እያበራ ነው። ዓይን አይከተለውም፤ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር የሚያነበው ካሜራ ግን ይይዘዋል። ዲመሩን አውጥተህ ጣል። 8ቱን ረድፍ ለሁለት ክፈላቸው፤ 3ቱን በአንድ ማብሪያ፣ 5ቱን በሌላ። ሦስት የብርሃን መጠን ይኖርሃል፣ መስመርም አይኖርም። ከዚያም በታች እንዲቀንስ ከፈለግህ አንድ ወረቀት ደርብበት።

ያለ ዲመርም መስመሩ ከመጣ ተጠያቂው የክፍሉ አምፖል ሊሆን ይችላል። 50 ኸርዝ ኃይል ባለበት አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሻተርህን፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርገውና እንደገና ሞክር።