ዲስክ ይግባ ወይስ በሬ ይረስ?

ጥያቄ፦ በቾ ውስጥ 2 ሄክታር የሚሆን መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) መሬት ተከራይቼ ጤፍ ልዘራ ነው። ያደግኩት ከተማ ነው፣ በሬ የለኝም። አንዱ «በዲስክ (ትራክተር በሚጎትተው ክብ ማረሻ) አሳርሰህ ተገላገል» ይለኛል፣ ሌላው «ሮታቬተር (የሚሽከረከር ምላጭ ያለው የትራክተር መሣሪያ) አንዴ ካስገባህ ዱቄት ያደርግልሃል» ይላል። የአካባቢው ሽማግሌዎች ደግሞ ጤፍ ያለ በሬ አይሆንም ባይ ናቸው። ማንን ልስማ? (ጀማሪው ገበሬ፣ ከቱሉ ቦሎ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለ ዲስኩንም ሽማግሌዎቹንም ስማ፣ ግን በየተራ። ባለ ሮታቬተሩን ለጊዜው ተወው።

ዲስክ የሚያዋጣህ ለመጀመሪያው እርሻ ነው። አዝመራው ከተነሳ በኋላ አፈሩ ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ወይም የበልግ ዝናብ ጠብ ብሎ ትንሽ ሲያለሰልሰው አሳርስ። የበሬ ጭንቅላት የሚያክል ጓል ይወጣል፣ አትደንግጥ። መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ዝናብ ነክቶት መልሶ ፀሐይ ሲመታው ያ ሁሉ ጓል በራሱ ጊዜ ይፈረካከሳል። ከዚያ ሀሮ (ጓል የሚሰባብር የትራክተር መሣሪያ) አንዴ ብታስደግመው ጥሩ ነው። ክረምቱ ከገባ በኋላ ግን ትራክተር ወደ ማሳው አታስጠጋ። ጎማው እርጥቡን አፈር ይጠቀጥቀዋል፣ ዲስኩም እየላገ ያልፋል እንጂ አያፈርሰውም፣ የዚያን ቀን የተጠቀጠቀው ደግሞ ለከርሞም አይለቅህም።

የመጨረሻውን ሥራ ለበሬ ተውለት። ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው አይደለም። አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ከ2,500 በላይ ፍሬ አለ፣ ይህን የምታክል ዘር ትንሽ ከጠለቀች ወጥታ አታይህም። ጤፍ ከላይ የላመ፣ ከሥር ግን ጠንከር ያለ መሬት ይፈልጋል። ከብት አስገብተው ማሳውን የሚያስረግጡት ለዚሁ ነው። ሮታቬተር ደግሞ የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፤ በጥልቀት አልሞ ልል አድርጎ ይተወዋል። ደረቅ ላይ ከሠራ አቧራ ያደርገዋል፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ላዩ ይለሰናል፣ ቡቃያው ከሥር ታፍኖ ይቀራል። እርጥብ ላይ ከሠራ ጭቃው ምላጩ ላይ ይጠመጠማል። እዚህ አካባቢ በማረሻ ብቻ ሲሠራ ጤፍ ሦስቴም አምስቴም ይታረሳል። ዲስክና ሀሮ ካስገባህ ግን ጥማድ በሬ በቀን ተከራይተህ አንድ ሁለት ጊዜ ብታስደግም ይበቃሃል።

መቼ ላሳርስ ካልክ፣ ዲስኩ ከሚደርስበት ጥልቀት አንድ ጭብጥ አፈር አውጣና ጨብጠህ ጣለው። ከተፈረካከሰ እረስ። በጣቶችህ ስታድቦለቡለው ቀጭን ክር የሚወጣው ከሆነ ባለ ትራክተሩን ነገ ና በለው። መቆጣቱ አይቀርም፣ ይቆጣ።

ጤፉን ትተህ ስንዴ ልዝራ ካልክ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ስንዴ ውሃ ላይ መተኛት አይወድም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ሁለት ማረሻ አጣምሮ የሠራው ቢቢኤም (ሰፊ መደብ ማውጫ) የሚባለው መሣሪያ ለዚህ ነው የመጣው፤ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ መደብና 40 የሚሆን ቦይ እያወጣ ውሃውን ያጠነፍፋል።

ጥያቄ፦ አርሲ፣ ኢተያ አካባቢ ስንዴ እዘራለሁ። በየዓመቱ በዲስክ ነው የማሳርሰው። አሁን አሁን ዝናብ ትንሽ ሲያቋርጥ ስንዴዬ ቶሎ ይጠወልጋል። ሰርዶውም አላስቀምጥ አለኝ። መሣሪያ ልቀይር? (የ4 ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ሹል ፌሮ ይያዙና መሬቱ ርሶ ሳለ ማሳው ውስጥ ይውጉት። 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ እምቢ ብሎ፣ ከገፉት በኋላ እንደገና ቀለል ካለ ችግሩ ተገኘ። በየዓመቱ ዲስኩ በአንድ ጥልቀት ሲያልፍ ከሥሩ ጠጣር ንጣፍ ይሠራል፣ የስንዴው ሥር ያንን አልፎ እርጥበት መፈለግ ያቅተዋል። ማረሻም ይህንኑ ያደርጋል፣ እሱ ግን የሚሠራው ጠለቅ ሳይል ነው። ችዝል (አፈሩን ሳይገለብጥ በጥልቀት የሚሰነጥቅ ባለ ጥርስ የትራክተር ማረሻ) ያለው አከራይ ይፈልጉ። አፈሩ ደረቅ ሳለ ነው የሚገባው፣ እርጥብ ላይ ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ ንጣፉን አይሰብረውም። በየዓመቱ ማስገባትም አያስፈልግም።

ሰርዶውን በተመለከተ፣ ከዲስኩ በኋላ ሀሮ የሚያስደግሙ ከሆነ ጥፋተኛው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ግንዱን ይቆራርጠዋል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ ራሱን ችሎ ይበቅላል። በበጋ ሥሩን ወደ ላይ አውጥቶ ፀሐይ የሚያስመታ መሣሪያ ይሻላል፣ ችዝሉ እዚህም ያግዝዎታል። የወጣውን መልቀም ግን የግድ ነው፣ አሰልቺ ቢሆንም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ጎጃም ላለው አባቴ በእጅ የሚነዳ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ልግዛለት? መሬቱ ተዳፋት ነው፣ ከሦስት ቦታ የተበታተነ። በሬዎቹ አርጅተዋል።

መልስ፦ ሐሳብህ ደስ ይላል፣ ግን ተዳፋት ላይ ያንን ማሽን ይዞ መዞር የሽማግሌ ሥራ አይደለም። መቂ ሜዳ ላይ በመስኖ ሽንኩርት የሚያመርት ቢሆን ኖሮ ግዛ እልህ ነበር። ለአባትህ ጥንድ ወጣት በሬ ይሻላል። የማረሻ ትልም ከሥር የጠበበ ስለሆነ በመሃል ያልታረሰ ይቀራል፣ ለዚህ ነው ገበሬው አግድም ያረሰውን መልሶ ሽቅብ ቁልቁል የሚያርሰው፣ ጎርፉም ያንኑ ቁልቁል ትልም ተከትሎ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በነባሩ ሞፈርና እርፍ ላይ የሚገጠም ገልባጭ ማረሻ ሠርቷል። አፈሩን ገልብጦ ስለሚሄድ ያን ያህል ማመሳቀል አይፈልግም። ለበሬ ግን ከበድ ይላል፣ ላረጁት በሬዎች አይሆንም። ማሽኑ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ በቅርብ የሚጠግነው ሰውና መለዋወጫ መኖሩን አጣራ፣ አባትህንም ጠይቀው። በሬ ነው የምፈልገው ካለህ ተከራክረህ አታሸንፈውም።