ውሃው ሲተን ቆዳችሁ ላይ የሚቀረው

ውድ ወጣቶች፣

የክሬም ዕቃ ስታነሱ ዓይናችሁ ቶሎ የሚያርፈው ፊት ለፊቱ በጎላ ፊደል በተጻፈው ላይ ነው። አዙሩትና በደቃቁ የተጻፈውን የይዘት ዝርዝር አንብቡ። ስታነቡም አንድ ጥያቄ ያዙ፦ ውሃው ከተነነ በኋላ ቆዳዬ ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? የሎሽን ትልቁ ድርሻ፣ ብዙ ጊዜም ከ70 በመቶ በላይ፣ ውሃ ነው፤ እሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይተናል። የሚቀሩት ቅባቱ፣ ግሊሰሪኑ፣ እንዲሁም ዘይቱንና ውሃውን አዋህዶ የያዘው ኢሙልሲፋየር ናቸው። ስለ ቅባቱ ማስታወቂያው በቂ ይለፈልፋል። ስለ ኢሙልሲፋየሩ ግን የሚያወራ የለም።

መጀመሪያ ቅባቱን ቶሎ እንለፈው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በአብዛኛው ገላችን ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ይወፍራል። የሞቱ ሴሎች ተደራርበውበታል፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ ይሞሉታል። ይህ ቅባት ሲጎድል የሴሎቹ ጠርዝ ይነሣል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ውስጡ ያለው ውሃም ያመልጣል። ኢሞሊየንት የምንላቸው እንደ ስኳሌን ያሉ ቅባቶች ክፍተቱን ሞልተው ቆዳውን ያለሰልሳሉ። ቫዝሊን ከዚህ አልፎ ላዩን ሸፍኖ ውሃው እንዳይተን ያግዳል። ግሊሰሪን ቅባት አይደለም፤ ሥራው ውሃ መሳብ ነው። ሴቲል አልኮል እና ሴቴአሪል አልኮል የሚሉትን ስታዩ አትደንግጡ፦ በክፍል ሙቀት እንደ ሰም የሚጠጥሩ ቅባቶች ናቸው፣ ቆዳ አያደርቁም። ጥቂት ሰዎችን ግን አለርጂ ሊያስነሱባቸው ይችላሉ።

አሁን ወደ ኢሙልሲፋየሩ። የሞለኪዩሉ አንድ ጫፍ ውሃ ወዳድ፣ ሌላው ጫፍ ቅባት ወዳድ ነው፤ በዘይቱ ጠብታና በውሃው ወሰን ላይ ቆሞ ጠብታዎቹ ተመልሰው እንዳይገጥሙ ይከለክላል። ኬሚስቱ ዊልያም ግሪፊን በ1949 ለዚህ ባሕርይ ኤችኤልቢ የሚባል መለኪያ አወጣ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ውሃ ወዳድነቱ ይበረታል። ከ3 እስከ 6 የሆነው ውሃን በዘይት ውስጥ ለመበተን፣ ከ8 በላይ የሆነው ደግሞ ዘይትን በውሃ ውስጥ ለመበተን ይመቻል። ሁለቱን መቀላቀልም ይቻላል። ለምሳሌ ሶርቢታን ኦሊየት የተባለው ኢሙልሲፋየር ኤችኤልቢው 4.3፣ ፖሊሶርቤት 80 የተባለው ደግሞ 15 ነው። 10 ከፈለጋችሁ ከጠቅላላው ኢሙልሲፋየር 53 በመቶው ፖሊሶርቤት፣ 47 በመቶው ሶርቢታን ይሁን፤ ራሳችሁ አስሉት።

ችግሩ ዘይትን የሚያቅፈው ሞለኪዩል የዘይቱን ምንጭ አለመለየቱ ነው። የቆዳችሁን የራሱን ቅባትም ሊያላላ ይችላል። በብሪታንያ የመድኃኒት መድበል ውስጥ ያለውን አኩዌስ ክሬም ተመልከቱ። ከክሬሙ 30 በመቶው ኢሙልሲፋይንግ ኦይንትመንት የሚባል ቅባት ነው፤ ከኦይንትመንቱ 30 በመቶው ኢሙልሲፋይንግ ዋክስ፣ ማለትም ኢሙልሲፋየር ያለበት ሰም ነው፤ ከዋክሱ ደግሞ 10 በመቶው ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት ነው። አባዙትና ክሬሙ ውስጥ 0.9 በመቶ ያህል ይገኛል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሻምፑ ውስጥ የሚገባው ያው ማጽጃ ነው፣ እዚህ ደግሞ ሳይታጠብ ቆዳ ላይ ይውላል። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ይህ ክሬም በተለይ ኤግዜማ የተባለው የቆዳ በሽታ ያለባቸውን ሕፃናት ቆዳ ሊያስቆጣ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ቆዳችሁ ደረቅ ወይም ቁጡ ከሆነ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት የሚለውን ስም ተቀብቶ በሚዋል ክሬም ላይ ስታዩ እለፉት። ግሊሰሪል ስቴአሬትና ሴቴአሪል ግሉኮሳይድ የተባሉት ኢሙልሲፋየሮች ብዙውን ጊዜ የለዘቡ ናቸው።

ዝርዝሩን ለማንበብ አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። በአውሮፓና በአሜሪካ ሕግ ይዘቶቹ ከብዙ ወደ ጥቂት ይደረደራሉ፤ ከ1 በመቶ በታች ያሉት ግን እንደ ፈለጉ ሊቀመጡ ይችላሉ። ፌኖክሲኤታኖል የተባለው ፕሪዘርቫቲቭ (ክሬሙን ከጀርም የሚጠብቅ ንጥረ ነገር) በአውሮፓ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ስለተወሰነ፣ እሱን ካገኛችሁ ከኋላው ያሉት ከ1 በመቶ አይበልጡም ማለት ይቻላል። ዕቃው ፊት ላይ የተወደሰው ዘይት ከእሱ ኋላ ከተሰለፈ፣ የከፈላችሁት ለሥዕሉ ነው።

ራሳችሁ ለመሥራት ለምትሞክሩ፣ ለ100 ግራም ሎሽን፦ የተጣራ ውሃ 72፣ ግሊሰሪን 4፣ ቀላል ዘይት 16፣ ሰልፌት የሌለው ኢሙልሲፋይንግ ዋክስ 5፣ ሴቲል አልኮል 2፣ ፕሪዘርቫቲቭ 1 ግራም። በማንኪያ አትለኩ፣ በሚዛን ብቻ። ውሃውንና ግሊሰሪኑን በአንድ ዕቃ፣ ዘይቱን ከሰሞቹ ጋር በሌላ ዕቃ ከ70 እስከ 75 ዲግሪ አሙቁ። ውሃው ሲሞቅ ይተናልና መልሳችሁ መዝኑትና የጎደለውን ሙሉ። ቀላቅላችሁ በእጅ መፍጫ፣ አየር እንዳታስገቡ ጫፉን ከላይ ሳታወጡ፣ እያቋረጣችሁ ምቱ። ከዚያ ከ40 ዲግሪ በታች እስኪወርድ አማስሉና ፕሪዘርቫቲቩን ጨምሩ። ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ 5 ወይም 5.5 አካባቢ ይሁን።

ፕሪዘርቫቲቩን ለመተው የሚፈተን ሰው አይጠፋም፤ "ተፈጥሯዊ" ለማለት። ውሃ ያለበት ክሬም ያለ እሱ በቀናት ውስጥ ጀርም ያፈራል፣ ሻጋታው ከመታየቱ በፊትም ባክቴሪያው ሊበዛ ይችላል። ንብ ሰም ብቻውን ኢሙልሲፋየር ነው ብሎ የሚነግራችሁንም አትስሙ፤ ቦራክስ ከሚባለው ጨው ጋር ካልሆነ ውሃውን አይዝም።

ክሬሙ ወዲያው ዘይትና ውሃ ሆኖ ከተለየ ብዙውን ጊዜ አንዱ ዕቃ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሰሙ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካ ኢሙልሲፋየሩ ሥራውን ሳይጨርስ ይረጋል። ሲቀባ ነጭ መስመር እየተወ የሚያስቸግር ከሆነ ሴቲል አልኮሉን ወደ 1 ግራም ቀንሱና ዘይቱን በ1 ግራም ጨምሩ። አሸዋ የመሰለ ነገር ከተሰማችሁ ቅባቱ ቀስ ብሎ በመቀዝቀዙ ክሪስታል ሠርቷል። የሠራችሁትን በሦስት ትንንሽ ዕቃ ከፍላችሁ አንዱን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ አንዱን በክፍል ሙቀት፣ አንዱን ሞቃት ቦታ አስቀምጡና ለአንድ ወር ያህል በየሳምንቱ እዩት። ውሃ ያቀረረውን በጥብጣችሁ አትቀቡ፤ ፕሪዘርቫቲቩ በሁለቱ ክፍል እኩል ላይከፋፈል ይችላል፣ ውሃው ያለ ጥበቃ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ድፉት።