መልስ፦ እቶን ሳይኖረኝ ክሪስታል ማሳደግን በላፕቶፕ ማጥናት እችላለሁ?

ወንድሜ፣ በደንብ ትችላለህ። «እቶን በሌለበት ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከምሳሌ የሚማርበት ዘዴ) ምን ይፈይዳል?» ላልከው ግን፣ እቶን ያላቸውም እኮ ውስጡን አያዩትም። ለኤሌክትሮኒክስ ቺፕ የሚያገለግለውን ሲሊከን ካርባይድን ውሰድ። ከ2000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት፣ የተዘጋ የግራፋይት ድስት፣ ዱቄቱ ከታች እየተነነ ከላይ ባለው ዘር ክሪስታል (እድገቱ የሚጀምርበት ትንሽ ክሪስታል) ላይ ቀስ እያለ ይደረደራል፤ ብዙ ጊዜ በሰዓት አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ቀናት ጠብቀህ ስትከፍተው ተሰንጥቆ ብታገኘው ማንን ትጠይቃለህ?

ለዚህ ነው ሙቀቱንና የጋዙን ፍሰት በሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር አስመስለው፣ የሚያሰሉት። እሱም ቀርፋፋ ነው፣ አንዱ ስሌት ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል (አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብለህ መብራት ከሄደማ አለቀልህ)። ማሽን ለርኒንግ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሙቀቱን፣ ግፊቱን፣ የድስቱን ቅርጽ እየቀያየርክ ጥቂት መቶ ስሌቶች ትሠራለህ፣ በውጤቱ ኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም) ታሰለጥናለህ፣ ከዚያ በኋላ ሰዓታት የፈጀብህን እሱ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይገምትልሃል፤ ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ አማራጮችን ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ትሞክራለህ።

ብቻ ኔትወርኩን አትመነው። ካልሠለጠነበት ክልል ስታወጣው ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻል። ምርጥ ያለህን መልሰህ በሲሙሌሽን ፈትሽ።

እኔ ብሆን በሲሊከን ነበር የምጀምረው። ማቅለጫው 1414 ዲግሪ ነው፣ ክሪስታሉን ከቅላጩ ቀስ እያሉ ወደ ላይ የሚስቡበት የቾክራልስኪ ዘዴም ከ1916 ጀምሮ የሚታወቅ ስለሆነ የሚነበብ ሞልቷል። ለሲሙሌሽኑ ኤልመር የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋም እንደዚያው። በሁለት ዳይሜንሽን ብቻ ከሠራህ ያ አሮጌ ላፕቶፕህ ይበቃሃል።