ጉልበቱ እየከዳው ሜዳ ለሚገባ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ተጫዋች በስልክ መልእክት ላከልኝ። "ጋሼ፣ ልምምድ ላይ ጉልበቴ ተጠምዝዞ አብጦ ነበር። አሁን እብጠቱ ጎድሏል፣ ሩጫም ጀምሬያለሁ። ዞር ስል ግን ይከዳኛል። ቅዳሜ ወሳኝ ጨዋታ አለብን፤ መርፌ ተወግቼ ብገባ ችግር አለው ወይ?" ይላል። ወዲያው መለስኩለት። ችግር አለው፣ አትግባ፣ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሂድ አልኩት። አመስግኖኝ ዝም አለ። ይግባ አይግባ አላውቅም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልክ እንደሱ "ይከዳኛል" ያለኝ ሌላ ልጅ ነበር።

ነርስ ነበርኩ፣ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ከሆስፒታል ሥራዬ ጎን ለጎን እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለአንድ የእግር ኳስ ቡድን በወጌሻነት ብዙ ዓመት አገልግያለሁ። የቡድኑን ስም አልጠራም። የማወራው ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያለው ውድድር ብሔራዊ ሊግ በሚባልበት ዘመን ስለነበረ አንድ የውድድር ዓመት ነው። ያኔ ቡድኖች አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው አይጫወቱም። አንዱን በሜዳህ ታስተናግዳለህ፣ ለሚቀጥለው ቅጥቅጥ ተሳፍረህ ሰው አገር ትወርዳለህ።

የኛ ሜዳ ደጋ ነው። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከቆላ የመጣ ቡድን ከእረፍት በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል። አሠልጣኛችንም ጨዋታውን የሚያቅደው በዚያ ነበር፤ እስከ 60ኛው ደቂቃ ጠብቀህ ትይዛለህ፣ ከዚያ በኋላ በመስመር ትሮጥባቸዋለህ። የሚሮጠው ደግሞ ያ ያኔ "ይከዳኛል" ያለኝ ልጅ ነው።

ከመንዝ ነው የመጣው። በግ ሲጠብቅ ያደገ፣ ቀጭን፣ ግራ እግር። የፊርማውን ገንዘብ ለእናቱ ላከና ለራሱ ታኬታ ሳይገዛ ቀረ፤ አንዱ ተከላካይ አሮጌውን ሰጠው። ደመወዝ ሁለት ሦስት ወር ሲዘገይ ሌሎቹ ያኮርፋሉ፣ እሱ ብቻውን ሜዳ ወርዶ ይሮጣል። ከቤቱ የሚመጣለትን ቆሎ ለሁሉም ያካፍላል። ሁሉም የወደደው በዚህ ነው። እምቢ ማለት ያልቻለውም በዚሁ ይመስለኛል።

አንደኛውን ዙር በደረጃ ሰንጠረዡ መሀል ላይ ጨረስን። ሁለተኛው ዙር ላይ ነገሩ ተለወጠ፣ ማሸነፍ ለመድን። ከተማው ስለ ኳስ ብቻ ማውራት ጀመረ። ልጁ የተጎዳው ያኔ ነው፣ በሜዳችን። ማንም አልነካውም። ኳሷን ይዞ እየሮጠ በድንገት ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ሲል ታኬታው መሬቱን ነክሶ ቀረ፣ ሰውነቱ ዞረ፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ገባ። "ቋ ሲል ሰማሁት" አለኝ ሮጬ ስደርስ። ጨዋታው ሳያልቅ ጉልበቱ አብጦ ቁምጣው ሥር ታየ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ይሄን ማወቅ ይጠቅማችኋል። ጉልበት ከተጠመዘዘ በኋላ በማግስቱ ቀስ ብሎ ቢያብጥ አንድ ነገር ነው። በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ቢነፋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጥ ደም ፈሷል ማለት ነው፤ ደም ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፊት መስቀለኛ ጅማት፣ ኤሲኤል የሚሉት ነው። "ቋ" የሚል ድምፅ ከተጨመረበት ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጓደኞቹ ቅቤ ይታሽ ብለው ነበር፣ እኔ ከለከልኩ። ያበጠ ጉልበት አይታሽም። ከአንድ ሆቴል ፍሪጅ በረዶ ለምኜ አሠርኩለትና በማግስቱ ራጅ ተነሣ።

ራጁ ንጹህ ሆነ። ትልቁ ጣጣ የመጣው ከዚያ ነው። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፣ ጅማትን አያሳይም። ጅማት ለማየት ኤምአርአይ ያስፈልጋል፣ ያኔ ለዚያ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነበር፣ 130 ኪሎ ሜትር መንገድና ብዙ ብር። ኃላፊዎቹ ግን "ራጁ ምንም የለውም" የሚለውን ብቻ ያዙ። ደጋግሜ አስረዳኋቸው። አጥንቱ ደህና ነው፣ ጉልበቱ ደህና ነው ማለት አይደለም አልኩ። በጀት የለም ተባልኩ።

ሳምንታት አለፉ። እብጠቱ ጎደለ፣ ልጁም በቀጥታ መስመር መሮጥ ጀመረ። ይሄም ሰው ያታልላል፤ ጅማቱ የተበጠሰ ሰው ቀጥ ብሎ ሊሮጥ ይችላል። ችግሩ የሚወጣው ሲታጠፍ፣ ሲዞር፣ በድንገት ሲቆም ነው። እግር ኳስ ደግሞ ምንድነው? መታጠፍና መቆም ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ ቆላ ነበር። ካሸነፍን ወደ ማጠቃለያው ውድድር እናልፋለን። ቅጥቅጡ ላይ ልጁ አጠገቤ ተቀመጠ። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስንደርስ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር፣ ያኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጋሼ፣ ደረጃ ስወርድ ይከዳኛል፤ ለማንም አይንገሩብኝ" አለኝ። ለምን አልኩት። "ዘንድሮ ውሌ ያልቃል። ካልገባሁ አያድሱልኝም" አለ። ከዚያ በኋላ ደብረ ሲና ድረስ አልተነጋገርንም። ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ሙቀቱ እንዴት እንደሚቀበላችሁ ታውቃላችሁ፤ ሹራብ ለብሳችሁ ተሳፍራችሁ በካናቴራ ትወርዳላችሁ።

ማታ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ሆነ። ይሄ ልጅ መግባት የለበትም አልኩ። ለአሠልጣኙም ለቡድን መሪውም ነገርኩ። "አንተ ነርስ ነህ እንጂ ሐኪም አይደለህም" ተባልኩ። እውነት ነው፣ ነርስ ነኝ። ልጁ ተጠርቶ ሲጠየቅ ደህና ነኝ አለ። ሌላ ምን ሊል ይችላል? ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፣ የደመወዙ ፈራሚዎች ፊት ቁሞ። ጠዋት አንዱ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ይዞ መጣ። እኔ አልወጋም አልኩ። ሌላ ሰው ፈልገው አስወጉት።

ዳይክሎፌናክ ሕመም ያስታግሣል። የተበጠሰ ጅማት ግን አይቀጥልም። ሕመም ደግሞ ለተጫዋች ጠባቂው ነው፣ እሱን አስተኝተህ ሜዳ ስትገባ የሚያስቆምህ የለም።

የመጀመሪያው ግማሽ ላይ ልጁ ሲሮጥ ብታዩት! አንድ ኳስ አሻማ፣ ጎል ሆነ። እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ ጮህኩ፣ አልዋሽም። ከእረፍት በኋላ ግን ኳስ ሊቀበል ወደ ኋላ ሲዞር ወደቀ። አሁንም አጠገቡ ማንም የለም። ጉልበቱ ታጥፎ ቀረ፣ ሊዘረጋ አልቻለም። ሜኒስከስ የሚባለው ልም አጥንት ተቀዶ መሀል ሲገባ እንዲህ ይቆለፋል። በቃሬዛ ወጣ። ቡድኑ አሸነፈና አለፈ። ሲመለሱ ቅጥቅጡ ውስጥ ጭፈራ ነበር፣ እሱ የኋላ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ያጨበጭብላቸው ነበር። ያን ማጨብጨቡን ነው የማልረሳው።

ማጠቃለያው ላይ ቡድኑ ተሸንፎ ተመለሰ። ሰኔ 30 የልጁ ውል አለቀ። ለምርመራ የሚከፍልለት አልተገኘም፤ የውሉ ቅጂ እንኳን በእጁ አልነበረም፣ ፈርሞ ቢሮ ነው ትቶት የወጣው። ወደ መንዝ ተመለሰ። ከዓመታት በኋላ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ አገኘሁት፣ በግ ይነግዳል፣ ቤተሰብ መሥርቷል። አቅፎ ሳመኝ፣ ቡና ጋበዘኝ። ቁልቁለት ሲወርድ ግን በጎን ነው የሚረግጠው። የኔ ቁጭት ይሄ ነው። በቃል እምቢ አልኩ፣ ቃሌ የትም አልተጻፈም። በዚያ ቡድን ውስጥ የወጌሻ ቃል አሠልጣኝን የሚያስቆምበት ምንም ወረቀት አልነበረም።

አሁን ስለ እናንተ ላውራ። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ መጠጥ፣ እሱን ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ከጫት ራቁም አልልም፣ ሰልችቷችኋል።

ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። የዛሬ ልጆች ለታኬታና ለጸጉር ቁርጥ የምታወጡት ገንዘብ ለአንድ የጉልበት ምርመራ ሲሆን ይከብዳችኋል። እስከ እኩለ ሌሊት ዲኤስቲቪ ቤት ትቀመጣላችሁ፣ ቤቲንግ ትቆርጣላችሁ፣ ጠዋት ልምምድ ላይ ሰውነት ማሟሟቅ ሲባል ሁለት ዙር ሮጣችሁ ኳስ ስጡን ትላላችሁ። በኛ በኩል በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። በዚያ ብርድ ሳይሟሟቁ መሮጥ ጡንቻን ተበጠስ ብሎ መለመን አይደለም እንዴ? የኔ ዘመን ልጆች በባዶ እግራቸው ተጫውተዋል፣ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ በጨርቅ ጠምጥመው ጨርሰዋል፣ አንድም አላማረሩም። ያ ወኔ ዛሬ የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ያ የጠየቀኝ ልጅ ጠይቋል። የኛዎቹ አይጠይቁም ነበር።

ወኔ ካነሣሁ አይቀር፣ በ1980 ዓ.ም. የሴካፋ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ስናሸንፍ እኔ ተረኛ ነበርኩ። የአጥንት ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል፣ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ክፍሉን ሞልቶታል። እግሩ በክብደት የተንጠለጠለ አንድ ገበሬ ካልተነሣሁ ብሎ ታገለኝ። ያን ቀን ነው ኳስ ሰውን ምን ያህል ሕመሙን እንደምታስረሳው ያየሁት። ለዚህም ነው የተጫዋችን "ደህና ነኝ" የማላምነው። አይዋሽም፣ በዚያች ሰዓት በእውነት አይሰማውም።

ፊፋ 11+ የሚባል የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለ። 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ ከኳስ በቀር መሣሪያ አይፈልግም። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ በሚገባ የሠሩ ቡድኖች ላይ ጉዳት በሲሶና ከዚያ በላይ እንደቀነሰ በተደጋጋሚ ታይቷል። መዝለልና በትክክል ማረፍ፣ በአንድ እግር መቆም፣ የኋላ ታፋን ማጠንከር ነው ነገሩ። አሠልጣኛችሁ ካላሠራችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ቀድማችሁ ሜዳ ግቡና ሥሩት።

ሴት ልጆች፣ እናንተ ይሄን ከወንዶቹ አብልጣችሁ ያዙት። የፊት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ እግር ኳስ በሚጫወቱ ሴቶች ላይ ከወንዶች በሁለትና በሦስት እጥፍ ይበዛል። ከዝላይ ስታርፉ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ አንዷ ሌላዋን ትይላት፣ በስልክም ተቀራረጹ። ስልኩ ለቲክቶክ ብቻ አይደለም።

ጅማቱ ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ደግሞ፣ ቢያንስ 9 ወር ሳይሞላ ወደ ውድድር አትመለስ። ከዚያ በፊት የሚመለሱት እንደገና የመጎዳት ዕድላቸው በጣም ከፍ ያለ ነው። ወሩ መሙላቱም ብቻውን አይበቃም፤ የተጎዳው እግር ጥንካሬው ከደህናው ጋር መቀራረብ አለበት። አንድ የውድድር ዓመት ሙሉ ያልፍሃል፣ አውቃለሁ፣ ያማል። ይለፍህ።

ውል ስትፈርሙ ቅጂውን ሳትይዙ ከቢሮ አትውጡ። ስትጎዱ ማን እንደሚያሳክም፣ እስከ መቼ እንደሚያሳክም የሚል መስመር ካለ ፈልጉ፣ ከሌለ ይጨመር በሉ። አይሆንም ቢሏችሁም ጠይቁ። እናንተ ወጌሻ ልትሆኑ የምታስቡ ልጆችም፣ "አይገባም" ስትሉ ቀን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ አንዱን ቅጂ ለአሠልጣኙ ስጡት፣ ሌላውን ለራሳችሁ አስቀሩት።

እኔን መጠየቅ የምትፈልጉ ጠይቁኝ፣ ደስ ይለኛል። ስትጽፉ ግን "ጉልበቴን አመመኝ" ብቻ አትበሉ። ሰው ነክቷችሁ ነው ወይስ ራሳችሁ ስትዞሩ? ድምፅ ሰማችሁ? ከስንት ሰዓት በኋላ አበጠ? ደረጃ ስትወርዱ ይከዳችኋል? ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል? ይሄን ንገሩኝ፣ ማን ዘንድ መሄድ እንዳለባችሁ እነግራችኋለሁ። ጨዋታው ቅዳሜ ከሆነ ደግሞ ዓርብ ማታ ሳይሆን ማክሰኞ ጻፉልኝ።