ጋኑን ቶሎ ቶሎ አትክፈቱት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ቤታችሁ ጠላ መጥመቅ የጀመራችሁ ወጣቶች «ለምን ኮመጠጠብኝ?» ትሉኛላችሁ። ብዙዎቻችሁ የምትጠረጥሩት ጌሾውን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው አየሩን ነው።

እርሾ መጀመሪያ ላይ አየር ይወዳል። ጥንስሱ ሲጣል ክዳኑ ላላ ቢል ችግር የለውም። አልኮል ከተፈጠረ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሴቶባክተር የሚባሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያገኙ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይቀይሩታል። ጠላ ደግሞ አልኮሉ ትንሽ ስለሆነ ራሱን አይከላከልም።

እናቶቻችን የጋኑን አፍ በጭቃ የሚመርጉት በከንቱ አይደለም። ሲፈላ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሩን ገፍቶ ያስወጣና በቦታው ይተካል። «እስቲ ልቅመሰው» ብላችሁ በከፈታችሁ ቁጥር እሱን ታባርራላችሁ። እኛም ፋብሪካ ውስጥ ቢራ ከመሙላታችን በፊት ከጠርሙሱ አየሩን አውጥተን ይህንኑ ጋዝ እናስገባ ነበር።

በፕላስቲክ በርሜል የምትጠምቁ ክዳኑን ብሱና ቀጭን ቱቦ አስገቡ። ዙሪያውን ድፈኑት። የቱቦውን ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት። ጋዙ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም። ያለ ቱቦ ግጥም አድርጎ መዝጋት አደገኛ ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል።

የወይራ ጭስ ነገር ሆዴን ይበላኛል። ጭሱን እወደዋለሁ፤ ጠላ ያለ እሱ ጠላ አይመስለኝም። ግን ጭስ ቆሻሻ አያጥብም። የቆየ አተላ የተጣበቀበትን ጋን ማጠን ትርፉ ድካም ነው። መጀመሪያ በግራዋ ፈትጉት፣ በደንብ አለቅልቁት፣ ከዚያ እጠኑት። ፕላስቲክ ከሆነ በሽቦ አትፈትጉ፤ ባክቴሪያው ጭረቱ ውስጥ ይደበቃል። በረኪና ከተጠቀማችሁ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ከኮምጣጤ ጋር ግን በፍጹም አትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጥቃቅኖቹ የፍራፍሬ ዝንቦችም የኮምጣጤውን ባክቴሪያ ተሸክመው ስለሚመጡ መቅጃውን ሁልጊዜ ሸፍኑት።

ስትቀዱ ከላይ አታንዠቅዥቁት። በቱቦ ቅዱት፤ ጫፉን እስከ መቀበያው ዕቃ ወለል አስገቡና ከሥር ቀስ ብሎ ይሙላ። ጋኑ ከጎደለ የቀረውን ለእንግዳ ብላችሁ እዚያው አታቆዩት። በሃይላንድ እስከ አፉ ሞልታችሁ ፍሪጅ አስገቡት። ፍላቱ ገና ካልበረደ ሃይላንዱ ይነፋል፤ በየቀኑ ክዳኑን ትንሽ ላላ አድርጋችሁ አስተንፍሱትና መልሳችሁ ዝጉት።